ስለኛ የማያውቁት ምን ቀረ? ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ግቡ

የቧንቧውሃዋ

ሰላም ጀመዓ። አንድ ነገር ልጠይቅና ሐሳባችሁን ልስማ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደሴ ፒያሳ ልብስ እሸጣለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ዋናው ገበያዬ ስልኬ ነው። ቀሚሱን ሰቅዬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ዋጋ ጽፌ እለጥፋለሁ፣ ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ከወረኢሉም ያዛሉ፣ በሚኒባስ ሹፌር እልካለሁ። አምና ከትልልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች በአንዱ የነበረኝ ገጽ ድንገት ተዘጋ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ወሬው ወደዚያ እንዳይሄድብኝ። ደንብ ጥሰሻል ይላል። የቱን ደንብ? አይልም። ይግባኝ የሚል ነገር አለ፣ ነካሁት፣ መታወቂያሽን ከፊትና ከጀርባ አንስተሽ ላኪ አለኝ። ላክሁ። ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ገጹም ቀረ፣ ደንበኞቼም ቀሩ፣ የመታወቂያዬ ፎቶ ግን እነሱ ዘንድ ተቀመጠ።

ቀበሌ ቢያጉላሉኝ ቢያንስ በሩ ላይ ቆሜ እጮሃለሁ። እዚህ የሚጮኽበት በር የለም።

ሌላው ደግሞ፣ ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ «ስልክ ይሰማል» ይላል። ስለ ሶፋ ካወራን ሶፋ ይመጣል፣ ስለ ጫማ ካወራን ጫማ። እውነት ነው ወይስ የቡና ወሬ? እነዚህን ኩባንያዎች ማመን ከተውኩ ቆየሁ። ግን ለምን እንደማላምናቸው በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሐረጎ_ቁልቁለት

ወላሂ ይሰማሉ! እኔ ደሴ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። በቀደም በርበሬ ወንዝ ጎማ ቤት ቆመን ከረዳቴ ጋር ጎማ ተወደደ አልተወደደ እየተባባልን ነበር። ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት፣ ጎማ። አልፈለግኩም፣ አልጻፍኩም፣ ለማንም አልላክሁም። ማይኩን ካልሰሙ ከየት አመጡት? ሸይጧን ነገራቸው?

ቦርከና_ማዶ

ወንድሜ ሐረጎ፣ እኔ ኮምቦልቻ ካምፓስ ሶፍትዌር ነው የምማረው፣ ይሄን ጥያቄ ዶርም ውስጥ ስንት ሌሊት ተጨቃጭቀንበታል። የኔ መልስ፦ ማይክህ አያስፈልጋቸውም። ይሄ ደግሞ ከመስማቱ የባሰ ነው።

አስበው። ጎማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሎኬሽንህ በርቶ ቆመሃል። ረዳትህ አጠገብህ ቆሟል፣ የሱም ስልክ በርቷል። አንተ አልፈለግክም፣ እሱ ግን ስትለያዩ የጎማ ዋጋ ፈልጎ ቢሆንስ? ቁጥሩ አንተ ስልክ ውስጥ አለ፣ ቁጥርህ እሱ ስልክ ውስጥ አለ፣ ሁለታችሁም ቀኑን ሙሉ አንድ መንገድ ስትወጡ ስትወርዱ ትውላላችሁ። ሹፌር መሆንህን ለማወቅ ድምፅህን መስማት አይጠይቅም፣ በቀን ስንቴ ሐረጎን እንደምትወጣ ማየት ይበቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ የማያስተውሉት ነገር አለ፦ ጎማ ሳታስብ የመጣልህን ማስታወቂያ ሁሉ ረስተኸዋል። ያቺን አንዷን ግን ለዓመት ታስታውሳታለህ።

በፈረንጆቹ 2018 አሜሪካ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትነው ነበር። ተደብቆ ድምፅ የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው፦ ሰውየው አፑን ሲጠቀም ስክሪኑን ቀርጸው ለሌላ ድርጅት የሚልኩ ነበሩ። በዚያው ዓመት የፌስቡኩ አለቃ ዙከርበርግ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ በማይክ ትሰማላችሁ ወይ ሲባል አይደለም ብሏል። የሱን ቃል አትመን፣ እኔም አላምነውም። የፈተናውን ውጤት ግን አምናለሁ።

ሆኖም ድምፅ ጨርሶ አይነካም ማለት አይደለም። አፕል፣ ሲሪ የምትባለው በድምፅ የምትታዘዝ ረዳቱ ሳትጠራ እየተነሳች የሰው ወሬ ቀድታለች ተብሎ ተከሶ በ2025 መጀመሪያ 95 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመጨረስ ተስማምቷል፣ ጥፋት ግን የለብኝም እያለ። ስለዚህ ሰው መጠርጠሩ ከመሬት አልተነሳም።

ምን_አገባኝ

ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች። ካሊፎርኒያ ያለ ካምፓኒ የደሴ ሰው ምን ሊያደርግለት ነው? ሽሮ መብላቴን ይወቁ፣ የት እንደምተኛም ይወቁ። የምደብቀው የለኝም። ነጻ ካርታ ይሰጡኛል፣ ነጻ ቪዲዮ ይሰጡኛል፣ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር በነጻ ያገናኙኛል። ባይኖሩ ለአንድ ደቂቃ ስንት ብር እንከፍል ነበር? ማስታወቂያ ካልወደዳችሁ አሳልፉት፣ አለቀ።

ጋሽ_መምህር

ልጄ፣ ሰላም ብያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጊዜ አለኝና እነዚህን ነገሮች አነባለሁ።

የምትደብቀው ባይኖርህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስልክህ ውስጥ ያለው ያንተ ብቻ አይደለም። የእህትህ ቁጥር፣ የአበዳሪህ ቁጥር፣ የሐኪምህ ቁጥር አለ። አንተ «ፍቀድ» ስትል እነሱ አልተጠየቁም። ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባለውን የምርጫ ዘመቻ አማካሪ ኩባንያ ጉዳይ ሰምተህ ይሆናል፣ በ2018 ነው የወጣው። ፌስቡክ ላይ የባሕርይ ፈተና የሚመስል አፕ የሞሉት ወደ 270 ሺህ ሰዎች ናቸው። መረጃቸው ተወሰደ የተባለው ግን እስከ 87 ሚሊዮን ሰው ነው፣ የሞሉት ሰዎች ጓደኛ ናቸው እየተባለ። እነዚያ ሚሊዮኖች ምንም አልነኩም፣ ምንም አልፈቀዱም።

ቅጣቱንም እይ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2019 ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣ። ትልቅ ቁጥር ነው፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኩባንያው በዚያ ዓመት ያስገባው ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አንተ አካፍለው፣ የአንድ ወር ገቢ አይሞላም። ከዚያ ገቢ ደግሞ አብዛኛው ከማስታወቂያ ነው። ነጻ ነው የምትለው ካርታና ቪዲዮ የሚከፈለውም እንዲሁ ከማስታወቂያ ነው።

እኛ ድሮ ጢሰኛ የሚባለውን አይተናል፣ አባቶቻችን ነበሩበት። ማረስ ትችላለህ፣ መዝራት ትችላለህ፣ መሬቱ ግን የሌላ ነው፣ ባለቤቱ በነጋታው ውጣ ቢልህ የምትከስበት የለህም። የዚች ልጅ የሱቅ ገጽ የዚያ ዓይነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መስማታቸው ሳይሆን ማስወጣት መቻላቸው ነው።

የቧንቧውሃዋ

ጋሼ እድሜዎን ያርዝመው። በትክክል እሱ ነው የተሰማኝ።

ምን አገባኝ የሚለው ወንድሜ፣ አንተ ማስታወቂያ ተመልካች ስለሆንክ ነው። እኔ ማስታወቂያ አስነጋሪም ነኝ። ቡስት ለማስደረግ፣ ልጥፌ በክፍያ ለብዙ ሰው እንዲታይ ማለት ነው፣ የውጭ ካርድ ስለሌለኝ ካርድ ላለው ልጅ ብር እሰጣለሁ፣ እሱ ይከፍልልኛል፣ የራሱን ይቆርጣል። እና ያ ልጅ የሚያሳየኝን ብታይ! ሴት፣ ከ18 እስከ 35፣ ደሴና ዙሪያዋ፣ ልብስ የምትወድ፣ በቅርብ የታጨች። በቅርብ የታጨች! የሰፈር ሰው ሳይሰማ እነሱ ሰምተዋል። ያን ቀን ነው እንደ ነጋዴ ደስ ብሎኝ እንደ ሴት ደግሞ የደነገጥኩት።

ሐረጎ_ቁልቁለት

«በቅርብ የታጨች» 😂 ሽማግሌ ከመላካችን በፊት እነሱን እንጠይቅ እንግዲህ።

ቦርከና፣ መልስህ ሸጋ ነው። ረዳቴን ጠየቅኩት፣ ጎማ ፈልጌያለሁ አለ። ግን ማይኩን አሁንም ዘግቼዋለሁ።

ፍላሽ_ቤት

ይሄን ክር ሳየው ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ደሴ ስልክ ጠግናለሁ፣ ፍላሽ አደርጋለሁ፣ ሶፍትዌር እጭናለሁ። ስለ ካሊፎርኒያ ስታወሩ ባንኮኒዬ ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ከገጠር ይመጣሉ። ልጃቸው ከሳዑዲ ስልክ ልኮላቸዋል፣ ኢሞ አስገባልኝ ይላሉ። ኢሞ ለመጫን ፕሌይ ስቶር ያስፈልጋል፣ ለፕሌይ ስቶር ጂሜይል ያስፈልጋል። ጂሜይል የላቸውም። አብዛኛው ስልክ ቤት ምን ያደርጋል? እዚያው ይከፍትላቸዋል። ስማቸውን አሳጥሮ፣ የልደት ዘመን ዝም ብሎ ሞልቶ፣ ፓስወርዱን ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት አድርጎ። ማስመለሻ ቁጥር ሲጠይቅ የራሱን ስልክ የሚያስገባም አለ። ከዚያ ጣቱ ዝም ብሎ ይሄዳል፦ ፍቀድ፣ ፍቀድ፣ ተስማማሁ፣ ፍቀድ። ኮንታክት፣ ሎኬሽን፣ ካሜራ፣ ማይክ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው አንድ ፊደል አላነበቡም፣ ልጁም አላነበበም። ግን ወረቀቱ ላይ ተስማምተዋል።

ከወራት በኋላ የልጅ ልጅ ስልኩን ሪሴት ያደርገዋል። ስልኩ ሲነሳ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል። ጂሜይሉን የሚያውቅ የለም። እኔ ጋ ያመጡታል፣ ክፈትልን ይላሉ። ስልኩ የሳቸው መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ ኩባንያው አያውቅም። ይሄ መቆለፊያ የተሠራው ለሌባ ነው፣ ደግ ነገር ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ባለቤቱን ይቆልፋል።

ሌላው ያስቸገረኝ ጂቢ ዋትስአፕ ነው። የዋትስአፕ ኩባንያ የሠራው አይደለም፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነው። ሰው ግን «ኦንላይን መሆኔን ይደብቅልኛል» ብሎ በዜንደር ይቀባበለዋል። ከኩባንያው ልሸሽ ብሎ ስሙን ለማያውቀው ሰው ሁሉን ነገር ያስረክባል።

ምን_አገባኝ

ቆይ፣ እንግዲህ ችግሩ ስልክ ቤቶች ናችሁ ማለት ነው 😄

ፍላሽ_ቤት

ግማሹ እኛ ነን፣ አልክድም። ግን ያለ አካውንት ስልኩን ከዕቃ የማይቆጥር አሠራር ያመጣው ማነው? ገዝተኸው የአንተ ያልሆነ ዕቃ ከስልክ ሌላ አሳየኝ።

ከሆጤ_በታች

እኔ ሕግ ነው ያጠናሁት፣ አጭር ነገር ልጨምር። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016። መረጃህን የሚሰበስብ ሰው ለምን እንደሚሰበስብ ሊነግርህ ይገባል፣ ስላንተ ምን እንደያዘ ልትጠይቅ ትችላለህ፣ ስሕተት ካለ ይታረምልኝ፣ አላስፈላጊ ከሆነ ይሰረዝልኝ ማለት ትችላለህ። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለዚህ የቧንቧውሃዋ፣ የመታወቂያሽ ጉዳይ መብት የሌለው ነገር አይደለም። ጥያቄው ማን ያስፈጽመዋል ነው። አውሮፓ ሲቆጡ የሚሰማቸው ገበያው ትልቅ ስለሆነ ነው። የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በ2023 የአየርላንዱ ዳታ ጠባቂ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል፣ የአውሮፓውያንን መረጃ አለአግባብ ወደ አሜሪካ ወስደሃል ብሎ። ቲክቶክንም በ2025 መረጃ ወደ ቻይና ልከሃል ብሎ 530 ሚሊዮን ዩሮ። የኛ መረጃ የት እንደሚሄድ የጠየቀ አለ?

ደግሞ ቃላቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ለማየት ዋትስአፕን እዩ። ፌስቡክ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው ለአውሮፓ ኮሚሽን የሁለቱን ተጠቃሚዎች በአስተማማኝ መንገድ ማገናኘት አንችልም ብሎ ነበር። በ2016 የስልክ ቁጥሮቹን ማገናኘት ጀመረ። በ2017 የተሳሳተ መረጃ ሰጥተሃል ተብሎ 110 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። ከ19 ቢሊዮኑ ጋር አስተያዩት።

ቦርከና_ማዶ

እሱን ካነሳህ ትዊተርንም ጨምር። ሰዎች አካውንታቸው እንዳይሰረቅ ብለው ስልክ ቁጥር ሰጡ፣ ኩባንያው ቁጥሩን ለማስታወቂያ ተጠቀመበት። በ2022 ለዚህ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ለደኅንነትህ ነው ሲሉህ የሰጠኸውን።

የሐይቅ_ዓሣ

የቴሌግራም ሰዎች እንዴት ናችሁ? እኔ ሁሉንም ትቼ ቴሌግራም ብቻ ነው የምጠቀመው። እነሱ ለማንም አይሰጡም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቦርከና_ማዶ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቴሌግራም ላይ ተራው ቻት፣ ግሩፑና ቻናሉ ሁሉ ሰርቨራቸው ላይ ነው የሚቀመጠው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ራስህ መክፈት አለብህ፣ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሆነው። የቴሌግራም መሥራች ዱሮቭ ነሐሴ 2024 ፓሪስ ላይ ከተያዘ በኋላ ሕጋዊ ጥያቄ ሲመጣ የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመርህ ቁጥር) ለባለሥልጣናት እንሰጣለን ብለው ደንባቸውን ቀየሩ። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ይቆልፋል፣ ግን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንቴ የሚለው ለባለቤቱ ለሜታ ይታያል። ሁለቱም ላይ አንድ ነገር ትሰጣለህ፣ ምን እንደምትሰጥ ብቻ ነው የሚለያየው። እኔ ለሚስጥር ሲግናል የሚባለውን አፕ ነው የምጠቀመው፣ ችግሩ እናቴ እዚያ የለችም።

የሐይቅ_ዓሣ

እናቴም እዚያ የለችም 😅 እናቴ ኢሞ ናት።

ሐረጎ_ቁልቁለት

የወሎ እናት ሁሉ ኢሞ ናት!

ፍላሽ_ቤት

ስለ መሸሽ ከተነሳ የተዘጋውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤንን አንርሳ። በኛ አቆጣጠር በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ትዝ ይላችኋል? ያኔ በቀን የምጭነው ቪፒኤን ብቻ ነበር። ሰው ሰልፍ ይዞ። ነጻ የሆነውን፣ ማስታወቂያ የሚያዘንበውን፣ ማን እንደሠራው የማይታወቀውን። ብዙው ዛሬም ስልኩ ላይ አለ፣ ማጥፋት ረስቶታል።

ጋሽ_መምህር

ይህ ነገር ትልቅ ነው፣ ልቀጥልበት። ፌስቡክ ራሱ ቪፒኤን ነበረው፣ ኦናቮ የሚባል የእስራኤል ኩባንያ በ2013 ገዝቶ። መረጃህን ይጠብቅልሃል እየተባለ ነበር የሚተዋወቀው። ሥራው ግን ሰዉ በየትኛው አፕ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማየት ነበር። ዋትስአፕ እንዴት እያደገ እንደሆነ ከዚያ መረጃ ይከታተሉ እንደነበር የብሪታንያ ፓርላማ በ2018 መጨረሻ ያወጣቸው የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች አሳይተዋል። አፕል በ2018 ከስቶሩ አስወጣው፣ በ2019 ተዘጋ። በ2023 የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ሁለት የሜታ ቅርንጫፎችን ለዚህ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍሉ አድርጓል።

ልብ በሉ፣ ተፎካካሪው ትልቅ ከመሆኑ በፊት ያዩታል፣ ከዚያ ይገዙታል። ኢንስታግራምን በ2012 በአንድ ቢሊዮን፣ ዋትስአፕን በ2014። የመምረጥ ነጻነት አለህ የሚሉህ ሱቆች ባለቤታቸው አንድ ነው። ጉግልም በፍለጋው ላይ ሕገወጥ ሞኖፖሊ ነው ተብሎ ነሐሴ 2024 ዋሽንግተን ላይ ተፈርዶበታል። ዳኛው አሚት ሜታ ይባላሉ፣ ስማቸው ከፌስቡኩ ሜታ ጋር ቢገጥምም ዘመድ አይደሉም። በችሎቱ ከወጡት ነገሮች አንዱ በ2022 ብቻ ለአፕል ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ እንደነበር ነው፣ በአይፎን ላይ ቀድሞ የሚገኘው ፍለጋ የሱ እንዲሆን። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ራሱ ሄዶ እንዳይመርጥ ነው።

ምን_አገባኝ

ጋሼ በዚህ አሳመኑኝ ማለት አልችልም፣ ግን ስለ ቪፒኤኑ አላውቅም ነበር። አንድ ነጻ ቪፒኤን ከ2015 ጀምሮ ስልኬ ላይ አለ። አሁን ላጥፋው።

ግን ጥያቄዬ ጥያቄ ነው። በኛ ላይ ምን ጉዳት ደረሰ? ማስታወቂያ መጣብኝ ጉዳት አይደለም።

ከሆጤ_በታች

ጉዳት ከፈለግክ አለ፣ ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2021 ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት ፌስቡክ ላይ ስማቸውን የሚጠሩ የጥላቻ ልጥፎች ወጡ። ኅዳር ላይ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም ልጥፎቹን ለኩባንያው ሪፖርት አድርጌ ነበር፣ በጊዜው አላነሱልኝም ብሎ ታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የማየት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 2025 ላይ ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ይሄን ብቻ ለማስወሰን ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ፣ ዋናው ጉዳይ ገና ነው።

ያን ጊዜ እኛም ደሴ ምን ላይ እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። ኔትወርክ ባይጠፋ ኖሮ ስንቱ ስሙ እየተጠራ ይለጠፍበት ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 2021 ላይ፣ ፍራንሲስ ሆገን የምትባል የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች፣ አሠራሩ የብሔር ጥላቻን ያቀጣጥላል ብላ። ኩባንያው አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም።

የቧንቧውሃዋ

አላህ ይማራቸው። ይሄን አላውቅም ነበር።

የኔን የልብስ ገጽ በደቂቃ የሚዘጋ ኩባንያ እንደዚያ ያለውን ልጥፍ ሰው ሪፖርት እያደረገ የሚያስቀምጠው እንዴት ነው? ይሄ ነው የማይገባኝ። እኔ የለጠፍኩት ጥልፍ ቀሚስ ነው።

ቦርከና_ማዶ

ያንቺን የሚያየው ማሽን ነው። ማሽኑ ፎቶና ሊንክ፣ የተደጋገመ ሪፖርት፣ እንደዚህ ያለውን ይቆጥራል። ተፎካካሪሽ አሥር ሰው ሰብስቦ ሪፖርት ቢያስደርግብሽ ሊዘጋ ይችላል። አማርኛ ሽሙጥ ግን ማሽኑ አይገባውም። ማን ላይ እንደተነገረ፣ ምን ለማለት እንደሆነ ሰው ማንበብ አለበት። ያን ጊዜ ለምሥራቅ አፍሪካ ልጥፍ የሚያጣሩት ናይሮቢ ሳማ በሚባል ተቋራጭ በኩል የተቀጠሩ ወጣቶች ነበሩ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱም አሉበት። ቀኑን ሙሉ ሬሳና ስድብ ሲያዩ ውለው አእምሯችን ተጎዳ፣ ክፍያውም ትንሽ ነው ብለው እነሱም ከስሰዋል። በቢሊዮን የሚያስገባ ኩባንያ ለኛ ቋንቋ የመደበው ሰው ይህን ያህል ነው።

የሐይቅ_ዓሣ

እሺ ተስፋ አስቆረጣችሁኝ። ታዲያ ምን እናድርግ? ስልክ እንጣል?

ሐረጎ_ቁልቁለት

ስልክ ጥዬ ተሳፋሪ እንዴት ልጥራ፣ ቤተሰብም አለ።

ፍላሽ_ቤት

መጣል የለም። እኔ ለደንበኛ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ሁሉን አያድንም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

መጀመሪያ ጂሜይሉን ራሳችሁ ክፈቱት፣ ወይ ስልክ ቤቱ ሲከፍት ቆማችሁ እዩ፣ ፓስወርዱን ራሳችሁ ጻፉት፣ ማስመለሻ ቁጥሩ የራሳችሁ ይሁን። ከዚያ ሴቲንግ ገብታችሁ አፕ ፐርሚሽን እዩ። ባለፈው የአንዱን ልጅ ስልክ ስንከፍት የቶርች አፕ ኮንታክትና ሎኬሽን ተፈቅዶለት አገኘን። መብራት ለማብራት የአክስትህ ቁጥር ምን ይሠራል? አሜሪካ ውስጥ በ2013 አንድ የቶርች አፕ ሎኬሽን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያካፍል ተይዞ ነበር፣ አዲስ ነገር አይደለም። ስልኩ ራሱ ቶርች አለው፣ አጥፉት።

ሎኬሽን «አፑን ስጠቀም ብቻ» የሚለው ላይ አድርጉ። ጉግል ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ሎኬሽን ሂስትሪን ብቻ ማጥፋት አይበቃም ነበር፣ ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ የሚለው ሌላው ቁልፍ ክፍት ከሆነ የሄዳችሁበትን መያዙን ይቀጥል ነበር። ለዚህ በ2022 ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሁለቱንም ዝጉ። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብራውዘሩ ድብቅ ገጽም ከጉግል አይደብቃችሁም፣ እቤት ያለ ሰው እንዳያይባችሁ ብቻ ነው። በዚህም ተከሶ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠር መዝገብ ለመሰረዝ ተስማምቷል።

ደግሞ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ሁለተኛውን ፓስወርድ አስገቡ። «ኮድ ተልኮልሻል ላኪልኝ» የሚል ሰው፣ በጓደኛችሁ ስም ቢመጣም፣ አትላኩ። ይሄ የካሊፎርኒያ ሳይሆን የሰፈር ሌባ ነው፣ በሳምንት ስንት ሰው እያለቀሰ እንደሚመጣ።

ጋሽ_መምህር

የኔ ልጅ ጥሩ ብለሃል። እኔ ግን ሸክሙ ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መውደቁ ይከነክነኛል። እነዚያ ከገጠር የመጡ እናት ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ ፈልገው ይዝጉ? አዋጁ ከወጣ፣ ባለሥልጣኑ ካለ፣ ሰው በአማርኛ አቤት የሚልበት መስኮት ይኑር። ያቺ ልጅ የመታወቂያዋን ፎቶ ሰርዙልኝ ብላ ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ብታመለክት ምን ይሏታል? እስቲ ሞክሪውና እዚህ ጻፊልን።

ከሆጤ_በታች

ማመልከቻውን እኔ በነጻ አዘጋጅልሻለሁ። የተዘጋበትን ቀን፣ የላክሽበትን ስክሪን ሾትና ያገኘሽውን መልእክት ብቻ ያዢ። ውጤቱን ቃል አልገባም።

የቧንቧውሃዋ

ስክሪን ሾቱ አለኝ፣ እልክልሃለሁ። ጋሼ እሞክረዋለሁ፣ መልስ ከመጣም ካልመጣም እዚህ እጽፋለሁ።

ለጊዜው የደንበኞቼን ቁጥር በደብተር መገልበጥ ጀምሬያለሁ። ስም፣ ሰፈር፣ ልክ። ገጽ ቢዘጋም ደብተሩን ማንም አይዘጋብኝም።

ፍላሽ፣ የኔን ጂሜይል የከፈተልኝ ስልኩን የገዛሁበት ልጅ ነው፣ ፓስወርዱን አላውቀውም። ሰኞ ብመጣ ታስተካክልልኛለህ?

ፍላሽ_ቤት

አብሽሪ እህቴ፣ ይስተካከላል። ሰኞ ግን አትምጪ፣ ገበያ ነው፣ ሰው ይበዛብኛል። ማክሰኞ ጠዋት ነይ፣ ሲሙ ያለበትን ስልክ ይዘሽ። እስከዚያ ሪሴት እንዳታደርጊው!